ቡድኑ እስኪሰናበት

በርካሽ ልብስ በመግዛት የሚስተካከለኝ ሰው ጀሞ ውስጥ የለም። ጉራ አይምሰላችሁ፤ ጎረቤት ይመስክር። የክረምት ጃኬት በሚያዝያ፣ የሠርግ ሱፍ በሁዳዴ ነው የምገዛው። ቅናሽ ቤት ስገባ ሻጮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህን ሙያ የወረስኩት ከአባባ ነው። እሱ በወጣትነቱ መርካቶ ቦንዳ ሲፈታ ከነጋዴው እኩል ይቆም ነበር። ከሰልባጁ ክምር ውስጥ እጁን ሰዶ፣ ሳያይ፣ በጣቱ ብቻ ደህናውን ሱፍ ለይቶ ያወጣል። ልዩነታችን አንድ ነው። አባባ የገዛው ልብስ የአባባ ይሆን ነበር።

የኔ ዘመን ልብስ ይናገራል። ርካሹ ብዙ ይናገራል፣ ወደድ ያለው ትንሽ፣ የሀብታም ልብስ ዝም ይላል። ቦሌ ላይ ዝም ያለ ካፖርት የደረበ ሰው ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። እኔ ያለፈውን ክረምት የፓስታ ማስታወቂያ ሸሚዝ ለብሼ ነው የከረምኩት። «እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ አፌን ሳልከፍት ኮሌታዬ በራሴ ድምፅ «በፓስታ!» ይላል። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል፣ በኋላ ደግሞ ሰላምታ መመለስ ቀረልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ጀመር።

መስከረም ላይ የፓስታው ውል አለቀና ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ወዳለው ቅናሽ ቤት ወረድኩ። መውረድ ግድ ነው። በዚህ ከተማ በር የሚከፈተው ለልብስ ነው፤ ውል የሌለው ልብስ የለበሰ ሰው የራሱ ቤት በር አያውቀውም። ቅናሽ ቤቱን የምትጠብቀው ማርዳ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ስታየኝ ሳቅ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አልከራከርዎትም። አንዱን ልስጥዎትና በሰላም ይሂዱ።»

ያወጣችልኝ የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ነበር። ያን ጊዜ የአህጉሩ ዋንጫ ሊጀመር ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ማልያ ስላችሁ የድሮውን እንዳታስቡ። እንደ ኮት የተሰፋ፣ ትከሻው ቢጫ፣ ደረቱ አረንጓዴ፣ የእጅጌው ጫፍ ቀይ፣ ከሱሪው ጋር አንድ ወጥ የሆነ ልብስ ነው። በውድድር ወቅት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይቀር ወንዱ ሁሉ እሱን ለብሶ ነው የሚገባው። ዋጋውን ስትነግረኝ ግን የሰማሁትን አላመንኩም። በነፃ ልትሰጠኝ ምንም አልቀራትም።

«ለምንድነው እንዲህ የረከሰው?»

«ውሉ ነው ጋሼ። ቡድኑ እስኪሰናበት አይወልቅም።»

ሳቄ መጣ። «ቡድኑ እስኪሰናበት? የኛ ቡድን?»

«አዎ።»

«የኔ ልጅ፣ የኛ ቡድን እኮ ሲሄድ የመልስ ቲኬቱን አስቀድሞ ቆርጦ ነው። በሳምንቱ እዚህ ነው!»

እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «በፈለጉ ሰዓት የሚወልቅም አለ። ትንሽ ወደድ ይላል እንጂ እሱ ይሻልዎታል» አለችኝ። እኔ እቴ! ባለፉት አራት ተሳትፎዎቹ ሁሌ ከምድቡ የተባረረ ቡድን ይዤ ለምን ብዬ እከፍላለሁ? ለሳምንት ብዬ ልለብሰው፣ ቡድኑ ሲባረር ላወልቀው፣ ከዚያ ከሌላው ቅናሽ ልደርስ፤ ሒሳቡ በዓይኔ ላይ ዞረ። እሺ አልኩ። ማልያው ደረቴ ላይ ተገጠመ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት ይህንን ነው።

በማግሥቱ አባባን ልጠይቅ ቀበና ሄድኩ። አባባ ከአልጋ ከዋለ ሰንብቷል። የምታስታምመው ታላቅ እህቴ ትርንጎ ናት። ያ ቤት ያባባ የራሱ ነው፤ ግቢው ዛሬም በቁልፍ የሚከፈት የቆርቆሮ በር አለው። ለልብስ ሳይሆን ለሰው የሚከፈት በር እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። አባባ ፂሙን ተላጭቶ፣ የፒጃማውን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ጠበቀኝ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ ሽቅርቅር ነው።

«ምንድነው የለበስከው አንተ?» አለኝ።

ኮሌታዬ ቀደመኝ። በኔው ድምፅ፣ «የብሔራዊ ቡድናችን ኩሩ ደጋፊ ነኝ!» አለ።

አባባ ዓይኑን ከፊቴ አውርዶ ኮሌታዬ ላይ ተከለ። «አንተን አልጠየቅኩም። ልጄን ነው የጠየቅኩት» አለው።

ትርንጎ ሳቋን መያዝ አቃታትና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሳቅሁ። አባባ ግን አልሳቀም፤ ወደ ቁም ሳጥኑ በአገጩ አሳየኝ። ከፍቼ ያወጣሁት ጥቁር ሱፉ ነው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት መርካቶ ከቦንዳ ውስጥ መዞ ያወጣው፣ ነጋዴው ሊያለቅስ እስኪደርስ ተከራክሮ የገዛው ሱፍ ነው። አባቱን ሲቀብር እሱን ለብሷል። እናታችንን ሲቀብር እሱን ለብሷል። የቀበና ጓደኞቹን አንድ በአንድ እሱን ለብሶ ነው የሸኘው። ገበሩ ሁለቴ ተቀይሯል፤ ጨርቁ ግን ዛሬም ጥቁር ነው።

«ይህን ለብሰህ ቅበረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ውይ አባባ! አሁን ሞትን ምን አመጣው?»

«ሞቱ በራሱ ይመጣል። እኔ ልብሱን ነው የማመጣው። ማልልኝ።»

«አባባ ይሙት!» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ክው አልኩ።

አባባ ያን ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ትርንጎ ሮጣ መጥታ ደገፈችው። «እሱማ አይቀርም» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ «ልብሱን እንዳትረሳ ነው እንጂ።»

ሱፉን ለካሁት። ከማልያው ላይ ስደርበው ልክክ አለ፤ ትከሻዬና ትከሻው አንድ ነው። ግን ወዲያው ኮሌታዬ ጋለና፣ «ቡድንዎን እየሸፈኑ ነው» አለ። ካላወለቅኩት ጩኸቱን ሊያቆም አልቻለም። አውልቄ መለስኩት። ግድ የለም አልኩ በልቤ፤ ሳምንት ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አቻ ወጣን። እሺ፣ ያጋጥማል። ሁለተኛውን በባከነ ሰዓት በተገኘ ፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን። ሰዉ መንገድ ላይ ሲዘል እኔ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ፤ ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ጎሉ ሲቆጠር እጅጌዎቼ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ወሰዱብኝ። መፍቻው ከእጄ አምልጦ አናቴን መታኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሽመክት እሱም እጆቹን ሰቅሎ፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች፣ «ገባን እኮ! ከምድቡ አለፍን!» ይለኛል። እኔ እብጠቴን እንኳ መዳበስ አልቻልኩም፤ እጄን ገና አልመለሰልኝም።

በዚያው ማታ ትርንጎ ደውላ አባባ መብላት አቆመ አለችኝ።

ኑሮ ቀጠለ፤ የማይቀጥል ነገር የለም። ገላዬን ከነማልያዬ እታጠባለሁ፤ ውሃው በላይ ይፈስሳል፣ ጨርቁ ራሱን ያደርቃል። ከነማልያዬ እተኛለሁ። ጠዋት በደጋፊዎች መዝሙር እነሳለሁ። ብቸኛው ተስፋዬ ቡድኑ ሲሸነፍ ማየት ነበርና አንድም ጨዋታ አላለፈኝም፤ ግን ማልያው ልብ ያዳምጣል። የተጋጣሚያችን አጥቂ ኳስ ይዞ ሲገሰግስ እኔም በሆዴ በርታ ስለው ኮሌታዬ፣ «ልብዎ ከድቶዎታል፤ አይዞን!» ይልና ደረቴ ላይ ጥብቅ ይላል። እንደገና ስመኝ እንደገና ይጠብቃል። መተንፈስ እስኪያቅተኝ ሲደርስ ልቤን ባዶ ማድረግ ተማርኩ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ስለ ሊፍት ገመድ አስባለሁ።

ለምን ቀዶ አይጥለውም የምትሉ ትኖራላችሁ። አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ ቀዶታል። ወንድሙ ሊጠይቀው ከክፍለ ሀገር መጥቶ በመቀስ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ተረተረለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ነው የሚኖረው፤ ውሉ ሳያልቅ ሌላ ልብስ አይሸጡለትም። ቤቱ አይከፈትለትም፣ መሥሪያ ቤቱ አይከፈትለትም፣ አውቶቡሱ አይቆምለትም። ሚስቱ ምሳውን በሩን ይዛ በስንጥቁ ታቀብለዋለች። እሷ እጁን ስባ ልታስገባው ስትል በሩ ይዘጋል። ሁሌ ጠዋት ሳልፍ፣ «ዛሬ ይሸነፉ ይሆን?» ይለኛል፤ እኔ መልስ ሳልሰጠው ኮሌታዬ፣ «በፍጹም!» ይላል። ቀና ብሎ ሊያየኝም አይፈልግም።

ሦስተኛውንም አሸነፍን። ማርዳ ዘንድ ሄድኩ። እንደወትሮዬ ልከራከር አልነበረም፤ ልለምን ነው የሄድኩት።

«አባቴ ሊሞትብኝ ነው» አልኳት። «አንድ ቀን ብቻ። ቀብሬው ልመለስና መልሳችሁ አልብሱኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። ከፊቷ ያለውን ስክሪን ነካካች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ነካካች። «ጋሼ፣ ከዚህ አይፈታም። ይህን ያህል ያሸንፋሉ ብሎ ማንም አላሰበም፤ ኩባንያውም ጭምር። እንዴት እንደሚፈታ የሚያውቅ ሰው የለም። ወንድሜም ማልያው ውስጥ ነው ያለው።»

«ወንድምሽስ ምን ይላል?»

«እሱማ ደስ ብሎታል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

አባባ የሞተው የሩብ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ነው። ትርንጎ ስትደውል የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነበር፤ ቃል አልነበረውም፣ ቃልም አላስፈለገውም። ቀበና ስደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ባንቴ ያባባ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉኝ። ጨዋታውም ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«ጋሽ ባንቴ፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ወይ ወደኋላ ማድረግ አይቻልም?»

አዛውንቱ በትዝብት አዩኝ። ከኋላዬ ትርንጎ ሰምታለች። ዓይኗ አባብጦ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለብሳ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለኳስ ብለህ የአባባን ቀብር ልታዛውር?»

«እትዬ፣ አልገባሽም። ጎል ከገባ እኮ እኔ...»

«ጎል!» አለች። «አባቴ ሬሳው ሳይወጣ አንተ ጎል ትለኛለህ!»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ኮሌታዬ፣ «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት! ሁላችንም አንድ ነን!» አለ። ትርንጎ ክንዷ ላይ የያዘችውን ሱፍ ደረቴ ላይ ወረወረችብኝ። «ምለህለታል። ልበሰው» አለችኝና ሄደች።

ለበስኩት። ከማልያው ላይ ደረብኩትና ጩኸቱ እንዳይሰማ የትርንጎን ሻርፕ ኮሌታዬ ላይ ጠቅጥቄ፣ በሁለት እጄ አንገቴን አንቄ ያዝኩ። ጨርቁ ሲግል አንገቴን ያቃጥለኝ ነበር። ይቃጠል አልኩ። ሬሳው ሲወጣ፣ ፍትሐቱ ሲደረስ፣ ሳጥኑን ሲሸከሙት፣ እኔ እንደታነቀ ሰው አንገቴን ይዤ ነው የተከተልኩት። ሸኚው ጥቂት ነበር። ቀበናን ያህል ሰፈር፣ አባባ ስንቱን ቀብሮ፣ ዛሬ ወንዱ ሁሉ አደባባይ ስክሪን ሥር ነው። የመጡት ሴቶችና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሳጥኑን ለመሸከም እንኳ ሰው አንሶን አቶ ባንቴ በዚያ ዕድሜያቸው ትከሻቸውን ሰጡ።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው። ግን እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ ጆሮዬ ከሻርፑ ሥር የሚያጉረመርመውን የጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ ያዳምጣል፤ አሁን ኳስ ማን ጋ ነው፣ አሁንስ፣ እባክህ አምላኬ ይቺን ብቻ አሳልፍልኝ እላለሁ። በዚህ መካከል ሰው እንዴት አድርጎ ያለቅሳል?

ሳጥኑ በገመድ እየወረደ ነው። ቄሱ ያዜማሉ። ሳጥኑ መሬት ነካ፤ ድምፁን ሰማሁት። የመጀመሪያዋ አካፋ አፈር ተነሳች። ያን ጊዜ እጅጌዎቼ ሁለቱንም እጆቼን ካንገቴ ላይ ነጥቀው ወደ ሰማይ ሰቀሏቸው። የአባባ ሱፍ ብብቱ ላይ ተሸረከተ። ሻርፑ ወደቀ። አንገቴ ሥር፣ በገዛ ድምፄ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ የምጮህ በሚመስል ድምፅ፦

«ጎል! ጎል! ጎል! ኢትዮጵያ!»

ቄሱ ዜማቸውን አቆሙ። አፈር የያዘው ሰው አካፋውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እኔ በአባቴ መቃብር አፋፍ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ የተቀደደ ሱፍ ለብሼ ቆሜያለሁ። ላወርዳቸው ስታገል ትከሻዬን አመመኝ፤ አልወረዱም። ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን አምልጦት ይመስለኛል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ለስንት?» አለ።

«አንድ ለባዶ!» አለ ኮሌታዬ።

ትርንጎ አልጮኸችም። ትጮሃለች ብዬ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆማ ፊቴን ብቻ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እንባ ስትፈልግ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ፊቴ ደረቅ ነበር። «ለቅሶ እንዳትመጣ» አለችኝ። «በሳልስቱም እንዳትመጣ።» ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መቃብሩ ዞረች።

የተቀደደውን ሱፍ ይዤ ጀሞ ተመለስኩ። መርፌ አያያዝ አላውቅም ነበር፤ ሽመክት አሳየኝ። ብብቱን ጠማማ አድርጌ ሰፋሁት። ማልያው ሲወልቅ ሱፉን ለብሼ ቀበና እሄዳለሁ፣ ትርንጎ ፊት ተንበርክኬ አለቅሳለሁ፣ ይኸው እትዬ፣ ቃሌን ዘግይቼም ቢሆን ጠበቅሁ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን አደባባይ ወጣን። ወጣን ማለት፣ በጨዋታ ሰዓት የማልያ ለባሽ ቤት በር ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይከፈትም፤ ከሽመክት ጋር ስክሪን ሥር ቆምን። ልቤን ባዶ አድርጌ የሊፍት ገመድ አሰብኩ። ሰባኛው ደቂቃ አካባቢ በረኛችን ኳስ ከእጁ አምልጦት መረብ ውስጥ ገባ። አንድ ለባዶ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የሁላችንም ልብስ ጠቆረ። ከኮሌታው ጀምሮ እየወረደ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሁሉም እንደ ከሰል ሆነ። አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ለበሰ። ሽመክት ዞሮ አቀፈኝ፤ እየተንሰቀሰቀ፣ «እግዜር ያጽናህ ወንድሜ» አለኝ።

«አሜን» አልኩት። ልማድ ነው፤ እንዲህ ሲሉህ አሜን ትላለህ።

የማላውቀው ሰው አቀፈኝ። «እግዜር ያጽናህ።» አሜን። አንድ ሽማግሌ ጉንጬን ሳሙኝ። «ያጽናህ ልጄ፣ ምን ታደርገዋለህ።» አሜን አባቴ። በየተራ እየመጡ ያቅፉኛል። አባባ ከሞተ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አላቀፈኝም ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ያጽናህ አላለኝም። ይህ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ቀበና ቢመጣለት ብዬ አሰብኩ፤ አቶ ባንቴ ትከሻቸውን ባልሰጡ፣ አባባ በዚህ ሁሉ ወንድ ታጅቦ በወጣ። ያን ሳስብ በቀብሩ ያልወጣው ለቅሶ ወጣ።

«አባቴን! አባቴን! አባቴን!»

ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። መሬት ላይ ተንበረከክሁ፣ ንፍጤና እንባዬ ተቀላቅሎ ፊቴን ሞላው። አላፈርኩም። ቀና ስል ግን ፊቴን አየሁት፤ እንደ ሕንፃ ገዝፎ ስክሪኑ ላይ ነበር። አስተላላፊው ራሱ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ይመልከቱት ይህን ሰው! ለእሱ ቡድኑ አባቱ ነው!»

ጥቂት ቆይቶ ልብሶቹ መፈታት ጀመሩ። ከጎኔ የሽመክት ደረት ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ያንዱ ተከፈተ፣ የሌላው ተከፈተ፤ ሰዉ ካናቴራ በካናቴራ ሆኖ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ በየቅናሽ ቤቱ ሊሰለፍ መሄድ ጀመረ። ደረጃው ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ታወሰኝ፤ ዛሬ ቤቱ ይገባል። የኔን ጠበቅሁ። ጣቴን ኮሌታዬ ሥር ሰድጄ ሳብኩት። አልተከፈተም። ሳብኩት። በምትኩ የማርዳን ድምፅ ሰማሁ፤ ከአንገቴ ሥር ነው የምታናግረኝ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት እንድልዎት ታዝዤ ነው። የዓመቱ ደጋፊ ሆነዋል። ጥቁሩን ሐዘን በነፃ እስከሚቀጥለው ዋንጫ ይለብሱታል። ያኔ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቡድኑ እስኪሰናበት።»

«አልፈልግም። ውሉ አልቋል፤ ተሰናብተናል እኮ!»

«ያኛው አልቋል። ይሄ አዲስ ነው።»

«እኔ መቼ እሺ አልኩ?»

«በእንባዎ ተፈርሟል ይላል» አለች። «ጋሼ፣ ይህ እንዳለ እኔም ገና አሁን ነው የሰማሁት።»

ሱፉን ከቤቴ ይዤ ቀበና የሄድኩት በማግሥቱ ነው። ክንዴ ላይ አጥፌ ያዝኩት፤ ልለብሰው አልችልም፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ። የትርንጎ ኮቴ መጣና ከበሩ ወዲያ ቆመ። በሩን አልከፈተችም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ይርዳው።»

«አየሁህ» አለችኝ በቆርቆሮው። «አገር በሙሉ አይቶሃል። ጎረቤት ጠርቶ ነው ያሳየኝ። አፈር ላይ ተንከባለልክ፣ ደረትህን ደቃህ። አባባ ላይ አንዲት የእንባ ዘለላ አላወጣህም እኮ ይርዳው! አንዲት!»

«ለአባባ ነው ያለቀስኩት! እውነቴን ነው እትዬ፣ ሱፉንም ሰፍቼ አምጥቼዋለሁ...»

«ሱፉን ለብሰኸዋል?»

ሱፉን ክንዴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ምንድነው ታዲያ የለበስከው?»

«ጥቁር ነው» አልኩ። «ጥቁር ነው የለበስኩት።»

ከወዲያ ስትተነፍስ ይሰማኛል። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ ብረቱ ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ። ልትከፍትልኝ ነበር። ዛሬም ድረስ ልትከፍትልኝ ነበር እላለሁ።

«ኮሌታ እንደሚቀጥፍ አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ረጥቦ ነበር። «እሱን ተወው። አንተው በአፍህ ንገረኝ። ጥቁሩን ለማን ነው የለበስከው?»

«ለአባባ!» አልኩ።

«ለብሔራዊ ቡድናችን!» አለ ኮሌታዬ። እኩል ነው የተናገርነው። በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ልቅሶ፣ በአንድ ትንፋሽ። ክፉኛ ደንግጬ፣ «ለአባባ ነው! ለአባባ!» ብዬ ደገምኩ፤ እሱም ሳግ እየተናነቀው፣ «ለቡድናችን ነው! ለቡድናችን!» ብሎ ደገመ። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ ቀጠለ። ኮሌታውን ያዝኩ፤ ያን ጊዜ እኔም እሱም ዝም አልን።

ትርንጎ ወደ ቆርቆሮው ተጠጋች።

«ከሁለቱ የትኛው ነህ አንተ?» አለችኝ።

ብናገር አብሮኝ ይናገራል። ስለዚህ አልተናገርኩም። መቀርቀሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ኮቴዋ ወደ ቤት ሄደ። ሱፉን በሩ ላይ ባለው ምስማር ሰቀልኩት፤ የሰፋሁት ብብት ወደ ግቢው እንዲዞር አድርጌ፣ ምናልባት ስትወጣ ታየው እንደሆነ።

ከኋላዬ ሰው ቆመ። ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ አዲስ የሳሙና ሸሚዝ የለበሰ መንገደኛ ነው። መልኬን ለይቶታል፤ ከስክሪኑ ላይ ማለት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ትከሻዬን በሐዘኔታ መታ መታ አደረገኝ።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ» አለኝ። «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ዋንጫው የኛ ነው።»

«አሜን» አልነው።